«ትውልዷ ያልታወቀ» የሰፋሪ ሚስት ማለት ምን ማለት ነው? የሜሪ ሆፕኪንስ ፍለጋ

በ17ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ የገቡ እንግሊዛውያን ሰፋሪዎችን የዘር ሐረግ የሚያገላብጥ ሰው ቶሎ ቶሎ የሚያጋጥመው ነገር አለ፤ የባልየው ስም፣ የትውልድ ቦታውና የአባቱ ስም ተሟልቶ ይጻፍና ሚስቲቱ ጋ ሲደርስ «ሜሪ» ተብሎ ቀጥሎ የጥያቄ ምልክት ይቀመጣል። ይህ ማለት ሴትዮዋ ዱካ የላትም ማለት አይደለም። ከየትኛው ቤተሰብ እንደተወለደች በሰነድ አልተረጋገጠም ማለት ነው።

ምክንያቱ ከስም አያያዝ ይጀምራል። እኛ ዘንድ ሴት ብታገባም የአባቷን ስም እንደያዘች ትኖራለች። እንግሊዛዊቷ ግን በሠርጓ ዕለት የባሏን የቤተሰብ ስም ትወስዳለች፤ ከዚያ በኋላ በሚጻፉ ሰነዶች የአባቷ ስም እምብዛም አይነሳም። በዚያ ላይ በዘመኑ ሕግ ያገባች ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ ኑዛዜ ማድረግ አትችልም ነበር። ስለዚህ ለወንዶች ዘመዶቻቸውን አንድ በአንድ የሚዘረዝርልን የኑዛዜ ሰነድ፣ በሚስቶች በኩል አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ነው። ባሏ ባሕር ከመሻገሩ በፊት የሞተች ከሆነች ደግሞ በአሜሪካ በኩል ስሟን የሚጽፍላት ሰው ራሱ አይኖርም።

የስቲቨን ሆፕኪንስ የመጀመሪያ ሚስት ነገር እንዲህ ነበር። ሆፕኪንስ በ1620 በሜይፍላወር መርከብ በአሜሪካ ወደምትገኘው የፕሊመዝ ሰፈር ከደረሱት 102 ተሳፋሪዎች አንዱ ነው። የሰፈሩ አስተዳዳሪ ዊሊያም ብራድፎርድ በ1651 ገደማ ባሰፈረው የተሳፋሪዎች ዝርዝር ላይ ሆፕኪንስ ከሚስቱ ከኤልሳቤጥ ጋር እንደመጣ፣ ጋይልስና ኮንስታንስ የሚባሉት ልጆች ግን «ከቀድሞ ሚስቱ» እንደሆኑ ይነግረናል። በቅኝ ግዛቱ በኩል ስለዚያች ሴት የተረፈው ፍንጭ ይህ ብቻ ነው፤ ስሟ እንኳ የለም።

ክፍተቱን ግምት ሞላው። ለረጅም ዘመን በቤተሰብ ዛፎች ላይ «ኮንስታንስ ደድሊ» የሚል ስም ሲዘዋወር ኖረ። ሆፕኪንስን ከዚህ ስም ጋር የሚያገናኝ አንድም የዘመኑ ሰነድ የለም። ባልየውም ቢሆን የግሎስተርሻየሯ የዎተን አንደር ኤጅ ተወላጅ ነው ተብሎ ይታሰብ ስለነበር ፈላጊዎች የሚቆፍሩት በተሳሳተ አውራጃ ነበር። የባልየው አገር ሲሳሳት የሚስቲቱ አብሮ ይጠፋል፤ በዚህ ሥራ በብዛት የሚያጋጥመውም ስህተት ይኸው ነው።

ቋጠሮው የተፈታው በ1998 ይፋ በሆነ ጥናት ነው። የተከተለውን መንገድ ለሌላ ፍለጋም መጠቀም ስለሚቻል በዝርዝር ማየቱ ይጠቅማል። ስቲቨን ሆፕኪንስ የሚባል ሰው በእንግሊዝ ብዙ ነው፤ ሜሪ ደግሞ በየቤቱ አለች። አንድ ስም ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ስቲቨን የሚባል አባት፣ ኮንስታንስ የምትባል ሴት ልጅና ጋይልስ የሚባል ወንድ ልጅ፣ ዕድሜያቸውም ተቀራርቦ በአንድ አጥቢያ ሲገኙ ግን አጋጣሚ ነው ለማለት ይከብዳል። ይህ ጥምረት በሃምፕሻየር፣ ሀርስሊ በምትባል መንደር ተገኘ፤ ኮንስታንስ ግንቦት 11 ቀን 1606፣ ጋይልስ ጥር 30 ቀን 1607/8 ክርስትና ተነሥተዋል (ቀኖቹ ሁሉ በእንግሊዝ አቆጣጠር ናቸው)። የአንዱ ስም እንኳ ብርቅ መሆኑ ትልቅ ዕድል ነው፤ ልጆቹ ጆንና ሜሪ ተብለው ቢሆን ኖሮ ነገሩ እስከ ዛሬም ባልተፈታ ነበር።

ያ «1607/8» የሚል አጻጻፍ ብዙዎችን ያሳስታል። እንግሊዝ እስከ 1752 ድረስ አዲሱን ዓመት የምትጀምረው በመጋቢት 25 ነበር። ስለዚህ በጥር የተወለደ ልጅ በመዝገቡ ላይ 1607 ቢባልም በዛሬው ቆጠራ 1608 ነው። በኢትዮጵያ ቀን አቆጣጠር ልዩነቱ አንዴ ሰባት አንዴ ስምንት ዓመት እንደሚሆነው ማለት ነው፤ ሕጉን የማያውቅ ሰው አንድ ዓመት ይስታል፣ ከዚያም እናትየዋ ከሠርጓ በፊት የወለደች ወይም ከሞተች በኋላ ልጅ ያገኘች ትመስለዋለች። ሁለቱንም ዓመት በእዝባር ለይቶ መጻፍ እንጂ አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል አይገባም።

ከልጆቹ ቀጥሎ የሚፈለገው ሞት ነው። በሀርስሊ መዝገብ ሜሪ ሆፕኪንስ በግንቦት 1613 ተቀብራለች። ወዲያው የንብረት ቆጠራ ተደርጎላታል፤ ቆጠራው «መበለት» ይላታል፣ የውርሱ ሰነድ ደግሞ ልጆቿን ኮንስታንስን፣ ኤልሳቤጥንና ጋይልስን ይጠራል። እዚህ ላይ አንድ አንባቢ ቆም ሊል ይገባዋል። ባሏ በ1620 በሕይወት ከነበረ እንዴት መበለት ተባለች? መልሱ በባልየው ታሪክ ውስጥ አለ። በ1609 ወደ ቨርጂኒያ ሲጓዝ በቤርሙዳ የተሰበረችው ሲ ቬንቸር የተባለች መርከብ ላይ ስቲቨን ሆፕኪንስ የሚባል ሰው ነበረ፤ በደሴቲቱ ላይ በአመፅ ተከሶ ሞት ተፈርዶበት ምሕረት አግኝቷል፣ ከዚያም በቨርጂኒያ ወዳለችው የጄምስታውን ሰፈር ገብቷል። ለዓመታት ወሬው ያልተሰማ ባል እንደሞተ መቆጠሩ አያስገርምም። ስለዚህ «መበለት» የምትለው ቃል በመጀመሪያ ተቃርኖ ብትመስልም፣ የሀርስሊው ስቲቨንና የሲ ቬንቸሩ ስቲቨን አንድ ሰው መሆናቸውን የምታጠናክር ናት። ሰነድ ሲጋጭ አንዱን መጣል ቀላል ነው፤ የግጭቱን ምክንያት ፈልጎ ማግኘት ግን ብዙ ጊዜ የተሻለውን ማስረጃ ያመጣል።

እስካሁን የተገኘው «ሜሪ» የሚለው ስም፣ መንደሯና የቀብሯ ወቅት ነው። የአባቷ ቤት የተፈለገው በመሬት ሰነድ ነው። ሀርስሊ መርደን በሚባል የባላባት ርስት ሥር ነበረች፤ በርስቱ መዛግብት መሠረት በ1608 ሆፕኪንስ ይዞታውን ሲለቅ ያ ይዞታ «መበለት ኬንት» ለተባለች ሴት ተላልፏል። በዚያ ዘመን ይዞታ በዘመድ አዝማድ መካከል መዞሩ የተለመደ ነበርና ተመራማሪዎች የአካባቢውን የኬንት ቤተሰብ ሰነዶች ተከትለው፣ ሜሪ የሮበርት ኬንትና የጆአን ማሼል ልጅ ልትሆን እንደምትችል ሐሳብ አቅርበዋል። «ልትሆን ትችላለች» የምትለው ቃል ከስሙ ጋር መሄድ አለባት። የጋብቻ መዝገብ ወይም «ልጄ ሜሪ የሆፕኪንስ ሚስት» የሚል ኑዛዜ እስካልተገኘ ድረስ ቃሏን መሰረዝ ኮንስታንስ ደድሊን የፈጠረውን ስህተት መድገም ነው።

ተመሳሳይ ፍለጋ ለሚጀምር ሰው ሰነዶቹ የት እንዳሉ ማወቅ ግድ ነው። የአጥቢያ መዝገብ በእንግሊዝ የታዘዘው በ1538 ቢሆንም ብዙዎቹ ጠፍተዋል። ከ1598 ወዲህ የየዓመቱ ቅጂ ለጳጳሱ እንዲላክ ስለተደነገገ፣ ዋናው ቢጠፋ ቅጂው ሊተርፍ ይችላል። ኑዛዜና የንብረት ቆጠራ እስከ 1858 የሚታዩት በቤተ ክህነት ፍርድ ቤቶች ነበር፤ ስለዚህ ከአውራጃው ይልቅ ሀገረ ስብከቱን ማወቅ ይቀድማል። ሠርግ ብዙ ጊዜ በሙሽሪት አጥቢያ ይፈጸማል፣ የበኩር ልጅም አልፎ አልፎ በእናቱ ወላጆች ዘንድ ክርስትና ይነሣል፤ በባልየው መንደር ጋብቻው ከታጣ አጎራባች አጥቢያዎችን ማሰስ ነው። አንዲት እጩ ስትገኝ ደግሞ ደስታው ሳያሸንፍ የቀብሩንና የሠርጉን መዝገብ ወደፊት መመልከት ያስፈልጋል፤ በሕፃንነቷ የተቀበረች ወይም ሌላ ሰው ያገባች ከሆነች ነገሩ እዚያው ያበቃል። ማውጫ ብቻ አይቶ መደምደም አይሆንም፣ ዋናው ገጽ ላይ ማውጫው የዘለለው ቃል ይኖራል።

አንዳንዴ በርግጥም መንገዱ ይዘጋል። የሌላው የሜይፍላወር ተሳፋሪ የዊሊያም ብሩስተር ሚስት ሜሪ ልጇን ጆናታንን በ1593 ብትወልድም፣ ይኖሩባት የነበረችው የእንግሊዟ መንደር የስክሩቢ አጥቢያ መዝገብ የተረፈው ከ1695 ወዲህ ያለው ነው። በቤተሰብ ዛፎች ላይ የሚለጠፍላት «ዌንትወርዝ» የሚል ስም በዘመኑ ሰነድ አልተደገፈም፤ ስለዚህ ስፍራው ባዶ መሆን አለበት።

የዘረመል ምርመራም ውስን እገዛ አለው። ከእናት ወደ ልጅ ብቻ የሚተላለፈው ማይቶኮንድሪያል ዲኤንኤ ከሜሪ ወደ ኮንስታንስ፣ ከእርሷም በሴት ልጆቿ በኩል ይወርዳል፤ ብራድፎርድ ኮንስታንስ 12 ልጆች እንዳሏትና ሁሉም በሕይወት እንዳሉ ጽፏል። ነገር ግን ውጤቱ የሚናገረው ሲነጻጸር ነው፤ ከጆአን ማሼል ሌላ ሴት ልጅ፣ ወይም ከእኅቷ፣ ሳይቋረጥ በሴት ብቻ የወረደ ሰው መገኘት አለበት። ሁለቱ ካልተመሳሰሉ የኬንትን ሐሳብ ሊያፈርስ ይችላል። ቢመሳሰሉ ደግሞ ያው የእናት መስመር በሌሎች ብዙ ቤተሰቦችም ሊገኝ ስለሚችል ሐሳቡን ይደግፋል እንጂ ብቻውን አያረጋግጠውም።