«አፈር ያው አፈር ነው» ለምትሉኝ

ጂኦሎጂስት ነኝ ስል መጀመሪያ የሚመጣልኝ ጥያቄ «ወርቅ የት አለ?» ነው። እሱን ለምጄዋለሁ። ለጦር ሠራዊትም እንሠራለን ስል ግን ሰው ይስቃል። «ምን ልትሠሩ? ድንጋይ ልትለቅሙ?»

እሺ፣ አንድ በአንድ እንሂድ።

«የሚፈልጓችሁ ለነዳጅና ለማዕድን ነው።» ከዚያ በፊት ውሃ አለ። ወታደር ይጠማል፣ ያኔ ደግሞ ፈረሱም ይጠማ ነበር። እንግሊዞች በ1915 እ.ኤ.አ. ጂኦሎጂስቱን ዊሊያም ኪንግን ወደ ፈረንሳይ የላኩት የጉድጓድ ውሃ ጉዳይ ስላስጨነቃቸው ነው።

«ሳተላይት እያለ እናንተ ለምን?» ሳተላይት የሚያየው ላዩን ነው። ታንክ የሚውጠው ከሥሩ ያለው ነው።

ደሜን የሚያፈላው ግን «አፈር ያው አፈር ነው» የሚለው ነው። ይህን ያለኝ አንድ ሹፌር ነበር። ላዩ ደርቆ የተሰነጣጠቀ ሜዳ አይቶ «ደርቋል እኮ!» ብሎ ገባበት። ከቅርፊቱ በታች እርጥብ ሸክላ ነበር። መኪናዋን ስንቆፍር ዋልን።

ቤልጂየም ውስጥ ሜሲን የሚባል ቦታ አለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ከፍታውን ይዘዋል፣ እንግሊዞች ደግሞ በሥራቸው ቆፍረው ፈንጂ ሊቀብሩ ፈልገዋል። ችግሩ ከላይ ያለው ውሃ ያዘለ አሸዋ ነው፤ ቦይ ልሥራበት ብትል ይደረመስብሃል። ከሱ በታች ግን ጠንከር ያለ፣ ውሃ የማያሳልፍ ሰማያዊ ሸክላ አለ። አውስትራሊያዊው ጂኦሎጂስት ኤጅዎርዝ ዴቪድ እያማከራቸው ቆፋሪዎቹ አሸዋውን አልፈው ሸክላው ውስጥ ገቡ። የወጣውን አፈር እንኳ ከአውሮፕላን መደበቅ ነበረባቸው፣ ምክንያቱም ቀለሙ ብቻ ምን ያህል እንደወረዱ ያሳብቃል። ጁን 7 ቀን 1917 ንጋት ላይ 19 ፈንጂዎች ፈነዱ። አፈር ያው አፈር ነው እንዴ?

ወይም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የፈረንሳይዋን ኖርማንዲን ውሰዱ። በ1943 የመጨረሻ ሌሊት ሁለት የእንግሊዝ ወታደሮች ጀርመን ወደሚጠብቀው የባሕር ዳርቻ ዋኝተው ሄዱ። የያዙት መሰርሰሪያና የናሙና መያዣ ነበር። ከአሸዋው ሥር ረግረግና ሸክላ አለ የሚል ስጋት ነበር። በኋላም ጦሩ ዳርቻውን ሊይዝ ሲመጣ ለስላሳው ቦታ ላይ ምንጣፍ እየዘረጉ የሚሄዱ ታንኮች ይዞ ወረደ።

እናንተ ታንክ ባይኖራችሁም መኪና ይኖራችኋል። ሜዳ ከመግባታችሁ በፊት ክንድ ያህል ቆፍሩ። አፈሩን በትንሽ ውሃ አርጥባችሁ በመዳፋችሁ አድቦልቡሉት። ሳይበጠስ እንደ እርሳስ ከቀጠነ ሸክላ ነው፤ ዝናብ ከነካው ዞራችሁ ሂዱ። ከተፈረካከሰ አሸዋው ይበዛል፤ እሱ ሌላ ጣጣ ቢኖረውም ዝናብ እንደ ሸክላ አያጨማልቀውም።

«አሸዋስ ያው አይደለም?» ለሚለኝ ደግሞ ይኸው። በ1944 መጨረሻ ጃፓን በነፋስ ወደ አሜሪካ የሚሄዱ ቦምብ የያዙ ፊኛዎች ለቀቀች። ከፍታቸውን የሚጠብቁት የአሸዋ ከረጢት እየጣሉ ነበር። የአሜሪካ ጂኦሎጂስቶች ከአሸዋው ውስጥ ማዕድኑንና በዓይን የማይታየውን የባሕር ዛጎል ለይተው፣ ከጃፓን ምሥራቃዊ ዳርቻ የትኛው አካባቢ እንደተዛቀ ጠቆሙ። ከአንድ እፍኝ አሸዋ።