የመሬት ሊዝ ምንድን ነው?

አንድ ከተማ ከደሞዝ ሳይቆርጥ፣ በዕቃ ዋጋ ላይም ሳይጨምር ገንዘብ የሚያገኝበት አንዱ መንገድ መሬት ነው። በአገራችን መሬት ስለማይሸጥ ከተማው የሚሰጠው የመጠቀም መብት ነው፤ ይህ ለተወሰነ ዘመን በክፍያ የሚሰጥ መብት ሊዝ ይባላል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 721 ለአዲስ አበባ የደነገገው ዘመን ለመኖሪያ 99፣ ለኢንዱስትሪ 70፣ ለንግድ 60 ዓመት ነው።

ገቢው ከምን እንደሚፈጠር በደንብ የሚታየው በከተማዋ ዳርቻ፣ በአያትና በቦሌ አራብሳ አቅጣጫ ነው። ከእርሻው ለሚነሳው ገበሬ የመሬት ካሳ የሚሰላው በምርት ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 ይባዛል። ያው መሬት መንገድ፣ ውሃና መብራት ገብቶለት ለጨረታ ሲወጣ ግን ዋጋው የሚነገረው በካሬ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት፣ የመሠረተ ልማቱ ወጪ ሲቀነስ፣ የከተማው ገቢ ይሆናል። ምትክ ቦታና ድጋፍ ቢታከልበትም፣ የሊዝ ትልቁ የፍትሕ ጥያቄ ያለው እዚህ ላይ ነው። ደግሞም አንድ ቦታ በጨረታ የሚወጣው አንዴ ነው። ስለዚህ ይህ ገንዘብ ለመንገድና ለውሃ መስመር እንጂ ለቢሮ ደሞዝ መዋል የለበትም። በየዓመቱ ለሚመላለስ ወጪ የሚሆነው በየዓመቱ የሚሰበሰበው የቦታና የቤት ግብር ነው።

ጨረታው ከሊዝ መነሻ ዋጋ ይጀምራል። አሸናፊው የሚለየው 80 በመቶ ባቀረበው ዋጋ፣ 20 በመቶ ባቀረበው ቅድመ ክፍያ ነው። ቅድመ ክፍያው ከጠቅላላው ከ10 በመቶ ማነስ የለበትም።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ቅድመ ክፍያውን ብቻ አስበው ሲገቡ ነው። ለምሳሌ 200 ካሬ ቦታ በካሬ 40,000 ብር አሸነፉ እንበል፤ ጠቅላላው 8 ሚሊዮን ነው። 20 በመቶ ከፍለው 6.4 ሚሊዮን ይቀራል። በ30 ዓመት ሲከፋፈል በዓመት 213,333 ብር ግድም ነው፤ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ቀሪው ሂሳብ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የማበደሪያ ምጣኔ ወለድ ይታሰብበታል። ወለዱ 10 በመቶ ብቻ ቢሆን እንኳ የመጀመሪያው ዓመት ወለድ 640,000 ብር ነው፤ የዋናውን ክፍያ ሦስት እጥፍ።

ክፍያው ካለፈ ቅጣት አለው፤ ውዝፉ 3 ዓመት ከሞላው ንብረቱን ይዞ እስከመሸጥ ያደርሳል። «ሳልሠራ አትርፌ እሸጠዋለሁ» ማለትም አያዋጣም። ግንባታው ግማሽ ሳይደርስ የሚያስተላልፍ ሰው የሚያገኘው የከፈለውን ሊዝ ከባንክ የተቀማጭ ወለድ ጋር፣ የሠራውን ግንባታ ዋጋና የመብቱ ማስተላለፊያ ዋጋ 5 በመቶ ነው። ሌላው ትርፍ ለመንግሥት ይገባል።