ስለ ላብራቶሪ ምርመራ የምንሳሳታቸው ነገሮች፦ ከኒው ዮርኩ ዲፍቴሪያ እስከ ዛሬው ዊዳል

«ጎበዝ ሐኪም ጉሮሮ አይቶ በሽታውን ይለያል፤ ላብራቶሪ ለማረጋገጫ ያህል ነው።»

የኒው ዮርክ ሐኪሞችም እንዲህ ያምኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1893 የከተማው ጤና መምሪያ ባልደረባ ዊልያም ፓርክ ዲፍቴሪያ (በባክቴሪያ የሚመጣ፣ ጉሮሮን የሚያጠቃ ከባድ ተላላፊ በሽታ) የተጠረጠረባቸውን ሕፃናት ናሙና በነጻ መመርመር ጀመረ። የጥጥ መጥረጊያና ባክቴሪያ የሚያድግበት የረጋ የደም ሴረም (የደም ውሃ) ያለበት ብልቃጥ በየመድኃኒት ቤቱ ይቀመጣል። ሐኪሙ የልጁን ጉሮሮ ጠርጎ ሴረሙ ላይ ይቀባና እዚያው ይመልሰዋል። ማታ ይሰበሰባል፣ ሙቀት ውስጥ ያድራል፣ በማግስቱ ውጤቱ ይነገራል። ታዲያ ዲፍቴሪያ ከተባሉት ልጆች ብዙዎቹ ሕመማቸው ሌላ ሆኖ ተገኘ! እኔን የሚከነክነኝ ከዚያ በፊት የነበሩት ናቸው፤ በዓይን ግምት ዲፍቴሪያ ተብሎ ከሕሙማኑ ጋር የተኛ ልጅ በሽታውን እዚያው ሊይዘው ይችል ነበር።

«የዳነ ወይም ያልታመመ ሰው መመርመር አያስፈልገውም።»

የዚያው ላብራቶሪ ሥራ ተቃራኒውን አሳየ። ጉሮሮው የጠራለት ልጅ ባክቴሪያውን ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ይዞ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ1907 ደግሞ ሜሪ ማለን የተባለች ወጥ ቤት ምንም ሳያማት ሰገራዋ ውስጥ የታይፎይድ ባክቴሪያ ተገኘ፤ ምግብ ባበሰለችባቸው ቤቶች ሰው የታመመበት ምክንያት የታወቀው ያኔ ነው።

«ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ የደም ምርመራ ፖዘቲቭ ከሆነ ታይፎይድ አለብኝ ማለት ነው።»

ይህኛው የእኛው ነው። አገር ቤት ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ ሄዶ፣ ከአንድ ምርመራ በኋላ «ታይፎይድ አለብህ» ያልተባለ ስንት ሰው አለ? ፈርናንድ ዊዳል ምርመራውን ፓሪስ ላይ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው፤ ለዘመኑ ትልቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን የሚያየው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነታችን የሠራውን መከላከያ ነው። መከላከያው ደግሞ ድሮ ከታመምነው፣ ከወሰድነው ክትባት ወይም ከሌላ የሳልሞኔላ (የታይፎይድ ባክቴሪያ የሚመደብበት ወገን) ዝርያ የመጣ ሊሆን ይችላል። በሕመሙ የመጀመሪያ ሳምንት ደግሞ ታይፎይድ እያለም ኔጌቲቭ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ በአንድ ዊዳል ብቻ በየጊዜው አንቲባዮቲክ መዋጥ ያሳስበኛል፤ ትኩሳቱ የወባ ወይም የሌላ በሽታ ከሆነ ሕክምናው ይዘገያል፣ ባክቴሪያውም መድኃኒቱን ይለምዳል።

የደም ካልቸር የሚባለው ምርመራ ግን ባክቴሪያውን ራሱን አሳድጎ ያሳያል። ውጤቱ ቀናት ይወስዳል፣ በሁሉም ቦታም አይገኝም። በሚገኝበት ግን ደሙ የሚወሰደው የመጀመሪያው የአንቲባዮቲክ ኪኒን ከመዋጡ በፊት መሆን አለበት።