ሰኔና ሰኞ «ገጠመብን» እንጂ «ገጠመልን» አይባልም

ባለፈው ዓርብ አመሻሽ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ነበርኩ፣ ሙቀቱ ትንሽ በረድ ሲል ዛፎቹ ስር ካለች ጀበና ቡና ቁጭ ብዬ። አጠገቤ ሦስት ወጣቶች ተቀምጠዋል። አንደኛው ስልኩን አየና ብድግ አለ፣ ደመወዝ ገብቷል፣ ማታ ደግሞ ሲጠብቁት የሰነበቱት ኳስ አለ። «አቦ ሰኔና ሰኞ ገጠሙልን!» ብሎ ጮኸ፣ ጓደኞቹም እጅ እየተመታቱ ተቀበሉት።

ዝም ብል ደስ ባለኝ ግን አልቻልኩም። «ምን አልክ ልጄ?» አልኩት። «ጋሼ፣ ሁለት ነገር ባንድ ላይ ሲመጣ እንደዛ ይባላል አይደል?» አለኝ በትህትና። ልጁ ጨዋ ነው፣ ጥፋቱም የሱ ብቻ አይደለም፣ ማንም አልነገረውም። አባባሉ ችግር በችግር ላይ ሲደረብ የሚባል ነው፣ ሲወለድ ጀምሮ «ብ»ን ይዞ ነው የተወለደው፣ ገጠመብኝ፣ ሆነብኝ፣ መጣብኝ። «ል» አስገብተህ ገጠመልኝ ስትል ሬሳ ቤት ገብቶ እንኳን ደስ ያላችሁ እንደማለት ነው።

ቤት ስገባ ደግሞ ሌላው ጠበቀኝ። ቲክቶክ ላይ «ዘንድሮ ሰኔ 1 ሰኞ ነው፣ ጓዳችሁን ሙሉ፣ መንገድ አትውጡ፣ ደም ይፈሳል» የሚሉ ቪዲዮዎች ተደርድረዋል፣ ከጀርባቸው የሚያስፈራ ሙዚቃ ምናምን። አንዱ አባባሉን ሰርግ አደረገው፣ ሌላው የዓለም ፍጻሜ አደረገው። እኔ ያደግኩበት ሰኔና ሰኞ ሁለቱንም አይመስልም።

ቀኑስ እውነት ነው። ከመስከረም 1 እስከ ሰኔ 1 ዘጠኝ ሙሉ ወር፣ 270 ቀን ነው። ለ7 ስታካፍለው 4 ይተርፋል፣ ስለዚህ ዕንቁጣጣሽ ሐሙስ የዋለበት ዓመት ሁሌም ሰኔ ሰኞ ይገባል። 2001 እንደዛ ነበር፣ 2007ም፣ 2012ም፣ ዘንድሮ 2018ም፣ የሚቀጥለው 2029 ነው። በ28 ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ይመጣል ማለት ነው። እንግዲህ እንግዳ ነገር አይደለም፣ የኛ ሰው ከልጅ እስከ አዋቂ ብዙ ጊዜ ያየው ነው።

እኔ መጀመሪያ የማስታውሰው የ1979ኙን ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ድሬ ላይ ወባ ደጋግማ ይዛኝ ስለነበር እስክጠነክር ለአየር ለውጥ ተብሎ በደንገጎ ዳገት፣ በቁልቢ አድርገው ጨርጨር፣ ሂርና አካባቢ እማምዬ ጋ ወሰዱኝ። እማምዬ የምንላት የእናቴን እናት ነው። ድሬዎች ሰኔን የምናውቀው በሙቀት ነው፣ የበልጉ ዝናብ ሄዶ የሐምሌው ሳይመጣ መሀል ላይ የሚያቃጥለን ወር ነው። እዚያ ላይ ግን ማሽላው ጉልበት ደርሷል፣ መሬቱ ለኩትኮታ ይጣራል፣ ሰውም ከብትም የሚሮጥበት ወር ነው። የቤቱ እህል ደግሞ አልቋል። ይሄንን ያዙልኝ፣ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

ሐረርጌ ማሽላ የሚቀመጠው ጎተራ ላይ ብቻ አይደለም፣ ጉድጓድ ውስጥም ይቀበራል። አፉ ጠበብ፣ ሆዱ ሰፋ ያለ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ማሽላው ይሞላበታል፣ አፉ ላይ አገዳ ይረበረብና በአፈርና በእበት ይደፈናል። ከላይ ስታየው ባዶ ደጅ ነው፣ ከስር የቤተሰቡ ነፍስ አለ። ሌባም አያየው፣ እሳትም አያገኘው። እማምዬ ያኔ አንድ ያልተከፈተ ጉድጓድ ብቻ ቀርቷት ነበር። ለግንቦት ልደታ ከዛፉ ስር ንፍሮ ስትበትን (እኔ በበኩሌ ያ የዛፍ ስር ሥርዓት ከቤተክርስቲያን ትምህርት የቆየ፣ የወቅት መለወጫ በዓል ይመስለኛል፣ ሽማግሌዎቹ የሚመርቁት ዝናቡን ነው፣ ከብቱን ነው) በእፍኝ አልነበረም፣ በጣቶቿ ጫፍ ነበር። ያን ጊዜ አልገባኝም።

ግንቦት 30 እሑድ ነው። ፀሐይ እስክትገባ ማንም መሬት አልነካም፣ ሰንበት ነው። ፀሐይ ስትገባ ግን ሌሊቱ የሰኞ ነው፣ አጎቴ ዶማውን ይዞ ወጣ። ጨረቃዋ ልትሞላ ሦስት አራት ቀን ቀርቷት ስለነበር ደጁ በሙሉ ይታያል። አፈሩን ገፈፈው፣ አገዳውን አነሳው፣ አፉ ሲከፈት የወጣው ሽታ እስከዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ፣ ኮምጠጥ ያለ፣ ሞቅ ያለ፣ የጠላ ድፍድፍ ዓይነት። ልጆች ሁላችን ለማየት ተንጋጋን፣ እማምዬ ልብሳችንን ከኋላ ይዛ ወደ ኋላ ጎተተችን። «አትጠጉ! ጉድጓዱ እስኪተነፍስ አትጠጉ!»

እህል ታፍኖ ሲቆይ ራሱ ይተነፍሳል፣ አየሩን ይበላና ሰው የሚገድል አየር ይተዋል። ቸኩሎ የገባ ሰው እዚያው ይቀራል። ስለዚህ አጎቴ ኩራዝ በገመድ አስሮ ወደ ታች ለቀቀ። ግማሽ ላይ ስትደርስ ነበልባሉ አጠረና ጠፋ። ማንም ቃል አልተናገረም። ተቀምጠን ጠበቅን፣ አንዳንዱ እዚያው ነጠላ ለብሶ ተኛ፣ እማምዬ አልተኛችም። ዶሮ ሳይጮህ እንደገና ኩራዟ ወረደች፣ አሁን ታች ድረስ በርታ ቆየች። ያኔ ነው ቀጭኑ ታናሽ አጎቴ ወገቡን ታስሮ የገባው።

ዳር ዳሩ ጠቁሮ ተጋግሯል፣ መሀሉ ግን ጤነኛ ነው። አምስት ጆንያ ይወጣል ተብሎ ነበር፣ ሦስት ተኩል ወጣ። እማምዬ የመጨረሻውን ጆንያ አፍ ይዛ፣ ሳትጮህ፣ ሳታማትብ፣ እንደው ሚዛን እንደሚያነብ ሰው «ሰኔና ሰኞ» አለች። ሌላ ነገር አላለችም።

ለምን እንደዛ እንዳለች የገባኝ ሲነጋ ነው። ሰኞ ጠዋት የጉዛው፣ የደቦው ማለት ነው፣ ሰዎች መጡ፣ አማራውም ኦሮሞውም ጎረቤት፣ ተራ በተራ የሁሉንም እርሻ ነው የሚኮተኩቱት፣ ያን ቀን የኛ ተራ ነው። ጉዛ ደግሞ ባዶ እጅ አይጠራም፣ ሰው ጠርተህ ማብላት ግድ ነው። በዓመቱ ውስጥ ቤትህ በጣም ባዶ በሆነበት ወር፣ ብዙ አፍ መመገብ ያለብህ ቀን መጣ። ካላበላህ አይኮተኮትልህም፣ ካልተኮተኮተ ለከርሞ ጉድጓዱ ውስጥ የሚገባ የለም፣ ካበላህ ደግሞ እስከ አዲሱ እህል ልጆችህ ምን ይበላሉ? ሰኔ ረቡዕ ወይ ሐሙስ ቢገባ ሦስት አራት ቀን አለህ፣ ትበደራለህ፣ ታስፈጫለህ፣ ገበያ ወጥተህ አንድ ፍየል ትሸጣለህ። ሰኞ ሲገባ ግን ወሩም ሥራውም ባንድ ጠዋት በርህን ያንኳኳሉ። በኔ እምነት አባባሉ የተወለደው እዚህ ነው፣ ባዶ ጉድጓድ አፍ ላይ።

ታዲያ ፍርሃቱ ከየት መጣ ካላችሁኝ እሱ ከደብተራው ነው፣ ይሄም የኔ ነው፣ ለዓመታት ያብሰለሰልኩት። በድሮው ኮከብ ቆጠራ ሰኞ የጨረቃ ቀን ነው። ፀሐይ ሰኔ አጋማሽ ላይ፣ ወደ ሰሜን ሄዳ ሄዳ ጥጓን ስትነካ ሸርጣን የሚባለው ኮከብ ውስጥ ትገባለች፣ ያን ሰሞን ድሬ ላይ ቀትር ብትቆሙ ጥላችሁ ወደ ደቡብ ነው የሚወድቀው፣ ሞክሩት። ሸርጣን ደግሞ በቆጣሪዎቹ ሥርዓት የጨረቃ ቤት ነው። ሰኔ ቤቷ፣ ሰኞ ቀኗ። ሁለቱ ሲገጥሙ ጨረቃ በቤቷም በቀኗም ሠለጠነች ማለት ነው፣ ጨረቃ ደግሞ የውሃና የብርድ ናት ይላሉ፣ ክረምት ሊገባ ሲል ይሄን የሰማ ገበሬ ባይፈራ ነው የሚገርመው።

እንዲያውም ስሞቹን ስሟቸው እስቲ። ሐመል፣ ሠውር፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን፣ አቅራብ፣ ቀውስ። በየደብተራው ዐውደ ነገሥት፣ የኮከብ ቆጠራው መጽሐፍ ውስጥ ያሉት እነዚህ የኮከብ ስሞች ዐረብኛ ናቸው። የቀን ቆጠራው ትልቁ መጽሐፍ አቡሻክርም በ13ኛው መቶ ዘመን በግብፅ በዐረብኛ ተጽፎ ነው ወደ ግዕዝ የተመለሰው። መጻሕፍቱ በግብፅ በኩል ይምጡ፣ ቃሉ በሰው አፍ የተመላለሰው ግን በሐረር በሮች በኩልም ነው ብዬ ልቤ ያምናል። ዛሬም በሐረር ግንብ፣ ጀጎል ውስጥ ዐረብኛ የሚያነቡ አንድ አዛውንት «ቀመር» ቢሉ ጨረቃን ነው፣ የኛ መሪጌታ «ቀመር» ቢል የዘመን ሒሳብን ነው። አንድ ድምፅ ነው፣ አጥሩ ደግሞ ያን ያህል ረጅም አልነበረም።

ሐረሮች እኮ በዓላቸውን በጨረቃ ነው የሚቆጥሩት፣ ቀኑ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ እየሸሸ ወቅቶቹን ሁሉ ይዞራል። ለዓሹራ ለጅብ ገንፎ በቅቤ አቅርበው ከአበላሉ የዓመቱን ነገር ያነባሉ፣ ዘንድሮ ዓሹራም የሚውለው ሰኔ ውስጥ ነው። የመጪው ዓመት እህል ምን ይሆን ብሎ የማይጠይቅ ሰው የለም፣ አንዱ ጅብ ያያል፣ አንዱ የወሩን መግቢያ ያያል።

ወደ ቲክቶኮቹ ልመለስ። 2007ን ያነሳሉ፣ እውነት ነው፣ ኤልኒኞ ክረምቱን አስቀርቶ እዚሁ አፍንጫችን ስር በሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን የአርብቶ አደሩ ከብት አልቋል። 2012ን ያነሳሉ፣ ኮሮናም አንበጣም ነበር። እሺ። 2001ስ? እሱም ሰኔና ሰኞ ነበር፣ ምን ሆነ ብላችሁ ብትጠይቋቸው ዝም ነው። የ1977 ሰኔ የገባው ቅዳሜ ነው፣ ያን ረሃብ ማን ይረሳዋል? የድሬው ወንዝ ደቻቱ ሐምሌ 30 ቀን 1998 ለእሑድ አጥቢያ ሰው ተኝቶ ሳለ ሲመጣ፣ ከ250 በላይ ሰው ይዞብን ሲሄድ፣ የዚያ ዓመት ሰኔ ሐሙስ ነበር የገባው። እኔ ጠዋት አሸዋው ላይ ጫማ እያነሱ የማን እንደሆነ የሚያዩ እናቶችን አይቻለሁ፣ እነሱን ቀን ቆጥሮ ያስጠነቀቃቸው አልነበረም። ከላይ ተራራው ላይ የዘነበው ዝናብ ነው የመጣው። ጨረቃዋም ብትሆን በየሰኔና ሰኞው አንድ ዓይነት አይደለችም፣ በ1979 ልትሞላ ቀርባ ነበር፣ ዘንድሮ ግን ግማሽ ሆና እኩለ ሌሊት ላይ ነው የምትወጣው።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ሰው አታስፈራሩበት። እማምዬ ያን ጠዋት ቃሉን ተናግራ ቤት አልዘጋችም፣ ከሦስት ተኩሉ ጆንያ ግማሹን አስፈጭታ ለጉዛው ሰው እንጀራ ጋገረች፣ እኛ ልጆቹ ማታ ማታ ንፍሮ ስንበላ ከረምን፣ እርሻው ተኮተኮተ። ሰኔና ሰኞ የሚባለው ለዚህ ነው። የቤት ኪራይ በጨመረበት ሳምንት ልጅህ ሲታመም፣ የልጆች ምዝገባ በደረሰበት ወር ሥራ ሲቀር፣ እሱ ሰኔና ሰኞ ነው፣ በትክክል ገብቷል። ባጃጅ ስላጣህ፣ ኔትወርክ ስለጠፋ ግን አይባልም፣ ቃሉን ታቀልለዋለህ።

ለዚያ የከዚራው ልጅ ቡናዬን ጨርሼ ስነሳ ይሄንኑ የእማምዬን ታሪክ ነገርኩት። ለደመወዝና ለኳስማ ቃል አለልህ፣ «ሰርግና ምላሽ» በል፣ ደስታ በደስታ ላይ ሲደረብ የሚባለው እሱ ነው። «ሰርግና ምላሽ ሆነልን» ብሎ ደገመው፣ ቀስ ብሎ፣ እንደሚቀምስ። ከዚያ «ጋሼ፣ ጉድጓድ ውስጥ የገባው አጎትህስ ወጣ?» አለኝ። ወጥቷል ልጄ፣ ፊቱ በሙሉ ዱቄት መስሎ ነው የወጣው፣ እማምዬ በነጠላዋ ጠረገችው።