ተለዋዋጭ ኤንዲ ፊልተርና የወሎ ፀሐይ

ደሴ ላይ ቪዲዮ የሚሠራ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ጠዋት የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ይውላል ስትሉ ረፋድ ላይ ይገለጣል፣ ከ2,400 ሜትር በላይ ያለ ከተማ ነውና ፀሐዩ ዓይን አያስገልጥም፣ ከዚያ ደግሞ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ደመና ይመጣል። ሙሽሮቹ ይህን ሁሉ ቆመው አይጠብቁም። ሌንሱ ፊት ላይ የሚጠመዘዘውና ቀለበቱን በማዞር ብቻ የሚጨልም የሚፈካው መስታወት፣ ተለዋዋጭ ኤንዲ ፊልተር፣ ለእንዲህ ያለ ቀን ነው።

ፎቶ ላይ ብርሃን ከበዛ ሹተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ፣ ማፍጠን ነው፣ አለቀ። ቪዲዮ ላይ ግን ሹተሩ የፍሬሙ ቁጥር እጥፍ አካባቢ ቢሆን ይመረጣል፤ በሴኮንድ 25 ፍሬም (ምስል) ከሆነ 1/50 ሴኮንድ። ከዚያ በጣም ካፈጠናችሁት እንቅስቃሴው ለስላሳነቱን ያጣል። እስክስታን 1/2000 ላይ የቀረጸ ሰው ትከሻው እንዴት እየተቆራረጠ እንደሚታይ አይቶታል።

ሂሳቡ ይኸው። በጠራ ፀሐይ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 እና ሹተር 1/50 ላይ አፐርቸሩ (የሌንሱ ቀዳዳ፣ ቁጥሩ ሲያንስ የሚሰፋው) ኤፍ 22 አካባቢ ይወጣል። የሙሽሮቹን ጀርባ ብዥ ለማድረግ ኤፍ 2.8 ከፈለጋችሁ 6 ስቶፕ መቀነስ አለበት፤ አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ነው። ከ64 እጅ ብርሃን አንዱ እጅ ብቻ ይግባ ማለት ነው። አንዳንድ ካሜራ ሎግ (ቀለሙ በኋላ እንዲስተካከል ደብዘዝ አድርጎ የሚቀርጽበት) ላይ ከአይኤስኦ 800 በታች አይወርድም፤ እንግዲያው ሌላ 3 ስቶፕ ጨምሩበት።

መስታወቱ አንድ ይመስላል እንጂ ሁለት ፖላራይዘር ነው። ብርሃን በየአቅጣጫው ይርገበገባል፣ የፊተኛው ፖላራይዘር በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብቻ ያሳልፋል፣ የኋለኛው ከፊተኛው ጋር ሲገጥም የቀረው ያልፋል፣ ሲጣመምበት እየቀነሰ ሄዶ 90 ዲግሪ ላይ ሊዘጋ ይደርሳል። ሕጉን ያወጣው ማሉስ የሚባል ፈረንሳዊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1809። ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ ገና ሳይኖር!

ጥቅሙም ጣጣውም ከዚሁ ይመጣል። ሐይቅ እስጢፋኖስ አካባቢ ውሃው ዳር ቆማችሁ ስታዞሩት የሚጨልመው ምስሉ ብቻ አይደለም፣ ውሃው ላይ ያለው የሰማይ ነጸብራቅም ይመጣል ይሄዳል። ብርሃኑን አስተካከልኩ ብላችሁ የሐይቁን መልክ ቀይራችሁ ታገኙታላችሁ። ሰኞ ባቲ ገበያ ላይ ደግሞ ቅቤ የተቀባ ጸጉርና ላብ ያለው ፊት ላይ ያለውን ብልጭታ ሊያጠፋው ይችላል። አንዳንዱ ይወደዋል። እኔ ቅቤው ሲያበራ ነው ደስ የሚለኝ። የብር ጌጥ ግን እንዳበራ ይቀራል፣ ከብረት የሚመለሰውን ብርሃን ፖላራይዘር እንደዚያ አይቆርጠውም።

ትልቁ ጣጣ ኤክስ ነው። ፊልተሩን እስከ ጥጉ ካዞራችሁት፣ በተለይ በሰፊ ሌንስ፣ ምስሉ ላይ ጥቁር መስቀለኛ ጥላ ይወጣል። አንድ ጊዜ ኮምቦልቻ የሙሽራዋን ነጭ ቀሚስ በ16 ሚሊሜትር ስቀርጽ በትንሿ የካሜራ ስክሪን ምንም አልታየኝም፤ ማታ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ቀሚሱ መሃል ላይ ተሰንጥቆ አየሁት። ማስተካከያም የለውም። ስለዚህ ሳጥኑ ላይ እስከ 400 ይደርሳል (ብርሃኑን ወደ 400ኛ እጅ ይቀንሳል) የሚለውን ርካሽ ፊልተር አትመኑት። ከ2 እስከ 32፣ ማለትም ከ1 እስከ 5 ስቶፕ፣ ጥጉ ላይ ማቆሚያ ያለው ይሻላል። ትንሽ ወደ ቢጫ ወይ ወደ አረንጓዴ የሚጎትትም ስላለ ነጭ ነጠላ ላይ ሞክራችሁ ግዙ።

ሌላው የማይገባቸው ብዙ ናቸው፦ ኤንዲ ደማቁንም ጥላውንም እኩል ነው የሚያጨልመው። ላሊበላ፣ ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ቆማችሁ የዓለቱ አናት በፀሐይ ነጥቶ ጉድጓዱ ከጨለመባችሁ ፊልተሩ አያስታርቃችሁም። ለገና ቤተ ማርያም ቤዛ ኩሉ ሲባልም ከአፋፉ ያሉት ካህናት ፀሐይ ላይ፣ ከታች ያሉት ጥላ ውስጥ ከሆኑ ለአንዱ መወሰን ነው። እዚያ የሚረዳው ሰዓት መምረጥ ነው።

ፏፏቴ በረጅም ሹተር ፎቶ ለማንሳት ቋሚው ኤንዲ ይሻላል፣ 10 ስቶፕ የሚቀንሰውን 1000 ይሉታል።

መጠኑን በሚሊሜትር ሌንሱ ፊት ላይ ታገኙታላችሁ፣ ከክብ ምልክቷ (Ø) ጎን፤ 49፣ 58፣ 77፣ 82 እያለ ይሄዳል። ለየሌንሱ ከመግዛት ለትልቁ አንድ ደህና ገዝቶ ለትንንሾቹ ማስፊያ ቀለበት ማድረግ ያዋጣል። አዳራሽ ስትገቡ ደግሞ ፈትታችሁ ኪስ ክተቱት። ሙሉ በሙሉ ቢከፈትም ቢያንስ 1 ስቶፕ፣ ብዙ ጊዜም ወደ 2 የሚጠጋ ይበላል፣ በዚያ ጨለማ ላይ ደግሞ ካሜራው አይኤስኦ ይጨምርና ምስሉ አሸዋ አሸዋ ይላል።