የፊንጢጣ ካንሰር ሕክምናና ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የፊንጢጣ ካንሰር ከብዙዎቹ የካንሰር ዓይነቶች ያነሰ ሰው የሚያጠቃ ሕመም ነው። ስሙን መጥራት ስለሚያሳፍር ግን ታማሚው ስለ ሕመሙ የሚያውቀው ነገር ብዙ ጊዜ ከሐኪም የሰማው ሳይሆን ከግምትና ከሹክሹክታ የለቀመው ነው። ቀጥለው የቀረቡት አመለካከቶች ሰዎች ምርመራን እንዲያዘገዩ፣ ከታከሙ በኋላም ሊቃለል የሚችለውን ችግር ለዓመታት በዝምታ ተሸክመው እንዲኖሩ ስለሚያደርጉ አንድ በአንድ መታረም አለባቸው።

«ደም ከታየ ኪንታሮት ነው»

ደም መፍሰስ፣ ማሳከክ፣ ሲቀመጡ የሚሰማ ሕመምና በጣት የሚዳሰስ እብጠት የኪንታሮትም የፊንጢጣ ካንሰርም ምልክቶች ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ሁለቱን በምልክት ብቻ መለየት አይቻልም። የሚለዩት ሐኪም በጣቱ ሲመረምር፣ ውስጡን በመሣሪያ ሲያይና ከእብጠቱ ናሙና ተወስዶ በላቦራቶሪ ሲታይ ነው። ለሳምንታት በቅባት ታክሞ ያልተሻለ «ኪንታሮት» ያለ ምርመራ ሊታለፍ አይገባም።

«የሚይዘው የተወሰነ የወሲብ ልማድ ያላቸውን ሰዎች ነው»

ታማሚውን ከሁሉም በላይ አንገት የሚያስደፋው ይህ አመለካከት ነው። ከ10 የፊንጢጣ ካንሰሮች 9 ያህሉ የሚነሡት ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ከተባለው ተሕዋስ፣ በተለይም ከዓይነት 16 ነው። ቫይረሱ በቆዳ ንክኪ የሚተላለፍና እጅግ የተስፋፋ በመሆኑ፣ የግብረ ሥጋ ግንኙነት የጀመሩ አብዛኞቹ ሰዎች በአንድ ወቅት ይይዛቸዋል፤ በአብዛኞቹም ላይ ሰውነት በራሱ ያስወግደዋል። ወደ ፊንጢጣ ለመድረስ በዚያ በኩል የሚደረግ ግንኙነት የግድ አያስፈልገውም። በብዙ አገሮችም በዚህ ካንሰር ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ይበልጥ ይያዛሉ። ሲጋራ ማጨስ፣ ከኤች አይ ቪ ጋር መኖርና የሰውነትን የመከላከል አቅም የሚቀንሱ መድኃኒቶችን መውሰድ አደጋውን ይጨምራሉ።

ባለትዳሮች አንድ ነገር ሊያውቁ ይገባል። ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ካንሰር እስኪያስከትል አሥርተ ዓመታት ሊወስድ ስለሚችል፣ ሕመሙ ዛሬ መገኘቱ የትዳር አጋር ታማኝ አለመሆኑን አያሳይም። አሜሪካዊቷ ተዋናይት ማርሲያ ክሮስ እ.ኤ.አ. በ2019 ሕመሟን በይፋ የተናገረችው ይህን የኀፍረት ሸክም ለማቃለል ነበር።

«ቀዶ ሕክምናና የሰገራ ከረጢት አይቀሬ ነው»

ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት እውነት ነበር። በዚያን ጊዜ ፊንጢጣው ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ ይወጣና ሰገራው በሆድ ላይ በተከፈተ መውጫ በኩል ወደ ከረጢት እንዲገባ ይደረግ ነበር። አሜሪካዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዶክተር ኖርማን ናይግሮ ግን ከቀዶ ሕክምና በፊት እብጠቱን ለማሳነስ ብለው ጨረርን ፍሎሮዩራሲልና ማይቶማይሲን ከተባሉ የኬሞቴራፒ (የካንሰር ሕዋሳትን የሚገድሉ) መድኃኒቶች ጋር ሰጡ፤ በኋላ ተቆርጦ በወጣው ሥጋ ውስጥም የካንሰር ሕዋስ ታጣ። ይህ ውጤት እ.ኤ.አ. በ1974 ከታተመ ወዲህ አካሄዱ ቀስ በቀስ ተለውጦ፣ ዛሬ ለአብዛኞቹ ታማሚዎች የመጀመሪያው ሕክምና ከ5 እስከ 6 ሳምንት የሚሰጥ ጨረርና ኬሞቴራፒ ነው። ቀዶ ሕክምናው በዋናነት ካንሰሩ ሳይጠፋ ሲቀር ወይም ሲመለስ ይደረጋል።

«በሦስተኛው ወር እብጠቱ ካልጠፋ ሕክምናው ከሽፏል»

ካንሰሩ ጨረሩ ካበቃ በኋላም ለወራት መሟሸሹን ይቀጥላል። በብሪታንያ በተካሄደ ትልቅ ጥናት፣ ሕክምናው ከተጀመረ በ11ኛው ሳምንት ካንሰሩ ሙሉ በሙሉ ካልጠፋላቸው ታማሚዎች መካከል ከመቶ 72ቱ በ26ኛው ሳምንት ጠፍቶላቸው ተገኝቷል። ስለዚህ እብጠቱ እያነሰ እስከሄደ ድረስ ሐኪሙ «እንጠብቅ» ማለቱ ቸልተኝነት አይደለም።

«ጨረሩ ሲቆም ሥቃዩም ይቆማል»

ማንም ያላስጠነቀቀው ታማሚ በዚህ ክፉኛ ይደነግጣል። የቆዳው መቃጠል በመጨረሻዎቹ የሕክምና ሳምንታትና ከዚያ በኋላ ባሉት አንድ ወይም ሁለት ሳምንታት እጅግ ይበረታል። በመቀመጫው መካከልና በብሽሽቱ ያለው ቆዳ ይቀላል፣ ይላጣል፣ ያዣል፤ ሽንት ሲነካው እንደ እሳት ስለሚያቃጥል ታማሚው ውኃ መጠጣት ይፈራል፤ ያልተቀጠነው ሽንት ደግሞ ይብስ ያቃጥለዋል። እየሸኑ ለብ ያለ ውኃ ማፍሰስ፣ በወረቀት ከመጥረግ ይልቅ ታጥቦ በለስላሳ ጨርቅ ማድረቅ፣ ሰፊ የጥጥ ልብስ መልበስና ሐኪሙ ያዘዘውን ቅባት መጠቀም ይረዳል። ጠንካራ ማስታገሻ መጠየቅም ድክመት አይደለም። በኬሞቴራፒ ወቅት ግን ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ነጭ የደም ሕዋሳት ወርደው ሊሆን ስለሚችል፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።

«ጨረር የወሰደ ሰው ልጅ ማቀፍ የለበትም»

ከውጭ በማሽን የሚሰጥ ጨረር በሰውነት ውስጥ አይቀርም፤ ታማሚው ከሕክምና እንደወጣ ልጁን ማቀፍ ይችላል።

«ከካንሰር የተረፈ ሰው ስለ ሰገራው ማማረሩ ምስጋና ቢስነት ነው»

በዚህ ጽሑፍ በጥብቅ ለማረም የምፈልገው ይህን አመለካከት ነው። ጨረር የሰገራ ማጠራቀሚያውን ግድግዳ ስለሚያጠነክረው እንደ ድሮው ተለጥጦ መያዝ ያቅተዋል፤ የመዝጊያው ጡንቻም ይደክማል። በዚህም ምክንያት ሰገራ በድንገት ይመጣል፣ በአንድ ጠዋት አራት አምስት ጊዜ ይመላልሳል፣ አንዳንዴም ያመልጣል። ሰውየው ከቤት ሳይወጣ በፊት የመንገዱን መጸዳጃ ቤቶች በልቡ ይቆጥራል፣ ግብዣ ሲጠራ ሰበብ ይፈልጋል፣ በቦርሳው ቅያሪ ልብስ ይይዛል፤ ሐኪሙ «እንዴት ነህ?» ሲለው ግን «ደህና ነኝ» ብሎ ይወጣል።

ይህ ችግር ግን መንስኤ ያለው ሕመም ነው። አንጀት የሐሞት አሲድን በደንብ ባለመምጠጡ ወይም በትንሹ አንጀት ባክቴሪያ በመብዛቱ የሚመጣ ተቅማጥ ከታወቀ የራሱ መድኃኒት አለው። ሎፐራማይድ የተባለው የተቅማጥ ማስታገሻ በትንሽ መጠን ከምግብ በፊት ሲወሰድ ብዙዎችን ይረዳል፤ የዳሌ ጡንቻዎችን በባለሙያ እየተመሩ ማሠራትም መቆጣጠርን ያሻሽላል። ከዓመታት በኋላ የሚታይ ደም ጨረር ካሳሳቸው የደም ሥሮች ሊሆን ቢችልም ምርመራ ያስፈልገዋል። አንጀቱን በመሣሪያ ለሚያየው ሐኪም ዳሌው ጨረር እንደወሰደ አስቀድሞ መናገር የግድ ነው፤ ጨረር ካረፈበት ግድግዳ ያለ በቂ ምክንያት የሚቆረጥ ናሙና የማይድን ቁስል ሊተው ይችላልና።

«የመኝታ ሕይወት አብቅቷል»

ጨረር የሴትን ብልት ሊያጠብና ሊያደርቅ፣ ኦቫሪዎቿንም ጎድቶ ያለ ጊዜዋ ሊያሳርጣት፣ የወንድን ብልት መቆም ሊያዳክም ይችላል። ለመጥበቡ በማስፊያ የሚደረግ ልምምድ፣ ለድርቀቱ ማለስለሻ፣ ላለጊዜው ማረጥ የሆርሞን ምትክ፣ ለወንዱም መድኃኒት አለ። መውለድ የሚፈልግ ሰው እንቁላል ወይም የወንድ ዘር ስለማስቀመጥ መነጋገር ያለበት ግን ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ነው። ሐኪሙ ካላነሣው ታማሚው ያንሣው።

«ዳሌዬን ካመመኝ ካንሰሩ ተመልሷል»

ካንሰሩ ከተመለሰ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ስለሆነ ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ ቀጠሮ ማጓደልም አይገባም። ሆኖም ጨረር ያረፈበት የዳሌ አጥንት ሳስቶ ያለ መውደቅ ሊሰነጠቅ ይችላል። የኤም አር አይ ምስሉን የሚያነብበው ባለሙያ የጨረሩን ታሪክ ካወቀ ስንጥቁን ከካንሰር መለየት ይቀለዋል፤ ሕክምናው ማስታገሻ፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ፣ እንደ ሁኔታውም አጥንትን የሚያጠነክር መድኃኒት ነው።