ማክሮ ምንድን ነው? ኮራል ለማንሳት ዕቃ ለሚገዙ፣ በጀታቸው ለጠበበ

በባለ 2 ሜጋፒክስል የስልክ ካሜራ የተነሳ ድብዝዝ ያለ የኮራል (ቤት ውስጥ በመስታወት ገንዳ የሚያዝ የባሕር እንስሳ) ፎቶ ይለጠፍና ከሥሩ «ማክሮ ነው፤ 4 ሴንቲ ሜትር ድረስ ይጠጋል» ይባላል። መጠጋቱን ማን ካደ? ማክሮ ግን የቅርበት ጉዳይ አይደለም። ሴንሰሩ (ብርሃኑን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ላይ የሚያርፈው ምስል ከዕቃው ከራሱ መጠን ጋር ያለው ንጽጽር ነው፤ ሁለቱ እኩል ሲሆኑ 1 ለ 1 ይባላል። «ሌንሱ ላይ ማክሮ ተብሎ ተጽፏል እኮ!» ለሚሉም፦ ተጽፎባቸው ሲለኩ ግማሽ ወይም ሩብ ብቻ የሚሰጡ ዙም ሌንሶች ሞልተዋል።

ክርክሩን ማስመሪያ ይፈታዋል። ጅማ ላይ ያገለገለ ሌንስ ልትገዙ ስትሄዱ ማስመሪያ ያዙ። ፎከስ እስከሚይዝላችሁ ድረስ ተጠግታችሁ አንሱትና በፍሬሙ ወርድ የገባውን ሚሊ ሜትር ቁጠሩ። ኤፒኤስሲ የሚባለው አነስ ያለው የካኖን ሴንሰር ወርዱ 22 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ 22 ከቆጠራችሁ 1 ለ 1 ነው፤ 44 ከሆነ ግማሽ። ከካሜራው ጋር የሚመጣው 18-55 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከ60 በላይ ያስቆጥራችኋል። ኮራሉ ያለው አዲስ አበባ ወዳጅ ቤት ከሆነ፣ እስክትሄዱ ድረስ ግቢ ውስጥ ባለው የቡና ፍሬ ተለማመዱ።

ርካሹ መንገድ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስና ኤክስቴንሽን ቲዩብ ነው። ቲዩቡ በካሜራውና በሌንሱ መካከል የሚገባ፣ መስታወት የሌለው ባዶ ቀለበት ነው። የ36 ሚሊ ሜትሩ ቲዩብ ለ50 ሲካፈል የምስሉና የዕቃው ንጽጽር 0.72 ይሆናል፤ ሌንሱ ብቻውን የሚሰጠው 0.2 ሲጨመርበት 1 ለ 1 ሊደርስ ትንሽ ነው የሚቀረው። የኤሌክትሪክ መገናኛ ነጥብ የሌለውን ግን አትግዙ፤ ካሜራው አፐርቸሩን (የሌንሱን የብርሃን መግቢያ ቀዳዳ) ማዘዝ አይችልምና ሌንሱ ኤፍ 1.8 ላይ፣ ማለትም እስከ መጨረሻው፣ ተከፍቶ ይቀራል።

የማጉላቱ ዋጋ ብርሃን ነው። ሌንሱ ከሴንሰሩ ሲርቅ ያው ብርሃን ሰፊ ቦታ ላይ ይበተናል፤ 1 ለ 1 ላይ ሩቡ ብቻ ይደርሳል። ለስድስት ሲኒ የተፈላን ጀበና ለሃያ አራት እንግዳ እንደማዳረስ ነው። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) መጨመር ውሃ ጨምሮ ቶና ማፍላት ነው፦ ሲኒው ይሞላል፣ ጣዕሙ ይሳሳል፤ 6400 ላይ በረካ ደርሳችኋል። አቦሉን የሚፈልግ ቀጂውን ይታገሥ፤ ማለትም ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አስሮ ሹተሩን (ብርሃን ለተወሰነ ጊዜ የሚያስገባውን መጋረጃ) ያዘግይ።

ሹተሩ ሲዘገይ ደግሞ የገንዳው ፓምፕ ኮራሉን ያወዛውዘዋል። አጥፉት፣ ውሃው ይርጋ፣ አንሱ፤ ወዲያው መልሳችሁ አብሩት። ሌንሱ ለመስታወቱ ቀጥ ይበል፤ ካዘመመ ምስሉ ይቀባባል። አፐርቸሩ ወደ ኤፍ 8 ጠብቦ እንኳ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም አይዘልም፤ ስለዚህ ፎከሱን ፖሊፑ (ኮራሉን የሚሠራው ጥቃቅን እንስሳ) አፍ ላይ አድርጉ። ቲዩብ የገጠመ 50 ከሌንሱ ፊት ከ10 ሴንቲ ሜትር ብዙም አልፎ አያይም። ውሃው ዕቃን በሩብ ገደማ ስለሚያቀርብ ትንሽ ይረዳል፤ ከገንዳው ጀርባ ያለውን ኮራል ግን ያለ 100 ሚሊ ሜትር ማክሮ አታገኙትም።

የገንዳው ሰማያዊ ኤልኢዲ መብራት ሌላ ጣጣ ነው። ኋይት ባላንስ (የካሜራው ቀለም ማስተካከያ) ብቻውን አይመልሰውም፤ ብርቱካናማ ፊልተር ሌንሱ ፊት አድርጉና በሮው (ካሜራው ባላቀነባበረው ፋይል) አንሱ። ፍሬሙ ላይ ጥቁር መስመሮች ከታዩ ሌንሱን አትጠርጥሩ፤ መብራቱ እየተርገበገበ ነው። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ሹተሩን 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ላይ ሞክሩት፤ በዲመር የሚደበዝዝ ኤልኢዲ ከሆነ ግን የራሱ ፍጥነት ስላለው ከዚያም ማዘግየት ይኖርባችኋል።